የመጨረሻዋን ገጽ ላንብባት ወይስ ትቆይ?

ጥያቄ፦

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ከረሙ? ዕድሜዬ 39 ነው። የሰባት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ባለቤቴም አሁን ነፍሰ ጡር ናት።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ አጎቴ እሱ አንብቦ የጨረሳቸውን ኮሚኮች፣ ማለትም በሥዕል የሚተረኩ የታሪክ መጽሔቶች፣ በገመድ አስሮ አመጣልኝ። ከመካከላቸው የአንዱ የመጨረሻ ገጽ ተቀዶ ወጥቷል። ጀግናው ገደል አፋፍ ላይ በአንድ እጁ ተንጠልጥሏል። ጠላቱ ጣቶቹን ሊረግጥበት እግሩን አንስቷል። ታሪኩ እዚያው ላይ ይቆማል። ያን መጨረሻ ስንት ዓመት በሐሳቤ ስጨርሰው እንደኖርኩ አልነግርዎትም። ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ አንዴ አድነዋለሁ፣ አንዴ እጥለዋለሁ።

ለትምህርት ከቤት ስወጣ እናቴ ኮሚኮቼን በሙሉ ለሰው ሰጠቻቸው። ክፋት አስባ አይደለም፤ አድጌያለሁ ብላ ነው። የመጀመሪያ ደመወዜን ስቀበል መልሼ መግዛት ጀመርኩ። ዛሬ ከ3,000 በላይ ደርሰዋል። አንድ ክፍል ሙሉ ይዘዋል።

ከሁለት ዓመት በፊት ያንን ኮሚክ አገኘሁት። ሙሉ ነው። ለይዞታው ከ10 9.2 የሚል ደረጃ ተሰጥቶት በወፍራም ፕላስቲክ ታሽጓል። ብዙ ገንዘብ ከፈልኩበት። እስከ ዛሬ ግን አልከፈትኩትም። ባለቤቴ ‹ታዲያ መጨረሻው ምን ሆነ?› ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ልጄ ደግሞ ባለፈው ወር በሩ ላይ ቆማ ‹አባዬ፣ እነዚህ የማይነበቡ መጻሕፍት ናቸው?› አለችኝ። ውስጤን ነካኝ። እንዳትነካቸው የከለከልኳት እኔ ነኝ።

አሁን ክፍሉ ለሚመጣው ሕፃን ያስፈልገናል። ባለቤቴ ጣላቸው አላለችኝም፤ ‹አንተው ወስን› ነው ያለችኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ‹ኢንቨስትመንት ነው፣ እንዳትነካው› ይለኛል። ይህ ነገር ፍቅር ነው ወይስ በሽታ? ልሽጥ ወይስ ላቆይ? ያን የታሸገውንስ ምን ላድርገው?

ያልከፈተው ነኝ።»

መልስ፦

ወንድሜ፣ በዕድሜ ሳልበልጥህ አልቀርምና አንተ ልበልህ።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ የያዘኝ የልጅህ ጥያቄ ነው። ልጅቷ እየወቀሰችህ አይደለም። ያየችውን ነው የጠየቀችህ። አባቷ ይገዛል፣ ይጠርጋል፣ በቁጥር ይደረድራል፣ በር ይዘጋል። ሲያነብ ግን አላየችውም። ስለዚህ ከእሷ ጥያቄ ልጀምር፤ የሌሎቹ መልስ ያለው እሱ ውስጥ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚጀምር እናስታውስ። ኮሚክ ከሌላው መጽሐፍ የሚለይበት አንድ ነገር አለው። በአንዱ ሥዕልና በሚቀጥለው መካከል ነጭ ክፍተት አለ። በመጀመሪያው ሥዕል ሰውዬው ዱላ አንስቷል። በሁለተኛው ሌላው ሰው መሬት ላይ ተዘርሯል። ምቱን ማንም አልሳለውም። የመታው አንባቢው ራሱ ነው፣ በሐሳቡ። ማንበብ በቅጡ ያልቻለ ልጅ እንኳ ይህን ሥራ ይሠራል። ለዚህ ነው በልጅነት የተነበበ ኮሚክ ከአእምሮ የማይወጣው። ግማሹን የሠራነው እኛ ነን።

አንተ ላይ የደረሰው ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ያቺ የተቀደደች ገጽ አንድ ትልቅ ክፍተት ሆነችብህ። ሌሎች ልጆች በአንድ ሰከንድ የሚሻገሩትን ክፍተት አንተ 31 ዓመት ቆመህበታል። አጎትህ በገመድ ካሰረው እሽግ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሰጠህ ነገር የጎደለው ኮሚክ ሳይሆን አይቀርም።

ኮሚክ የሚሠሩ ሰዎችም ይህን የመጓጓት ነገር ከጥንት ጀምሮ ያውቁበታል። ቲንቲን የሚባለው የወጣት ጋዜጠኛ ታሪክ እ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 1929 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) ቤልጂየም ውስጥ ሲጀምር በአንድ ጋዜጣ የልጆች ተጨማሪ እትም ላይ ነበር። በሳምንት ሁለት ገጽ ብቻ። ሁለት ገጽ! ልጆቹ ያቺን አንብበው ሳምንቱን ሙሉ ይጠብቃሉ። የአሜሪካዎቹ ወርኃዊ ኮሚኮች ደግሞ ሽፋናቸው ላይ ቁጥር አላቸው። ቁጥር 14ን የያዘ ልጅ ሳይነገረው አንድ ነገር ይገባዋል፦ 13 የሆነ ቦታ አለ፤ 15ም ይመጣል። ሰብሳቢነት የሚወለደው እዚያች ቁጥር ላይ ነው።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ልብ በል። አብዛኛው ሰብሳቢ ያልፍበታል፣ እኔም አልፌበታለሁ። መጀመሪያ ላይ የልጁ ጥያቄ «ከዚያስ?» ነው። ሌላ ነገር አያውቅም። አደግ ሲል ጥያቄው «የቱ ቁጥር ጎደለኝ?» ይሆናል። ዝርዝር ይጽፋል፣ ያገኘውን ይሰርዛል፣ ከጓደኛው ጋር ይለዋወጣል። ገንዘብ ሲይዝ ደግሞ «ደረጃው ስንት ነው?» ይላል። ጥጉ ታጥፏል ወይ? ማያያዣ ሽቦው ዝጓል ወይ? ገጾቹ ነጭ ናቸው ወይስ ክሬም? ሦስቱም ጥያቄዎች ነውር የለባቸውም። ሁለተኛው ትዕግሥትን ያስተምራል፤ ሦስተኛው ዓይንን ይሞርዳል። ችግሩ የመጀመሪያው ጥያቄ ሲረሳ ነው። አንተ ሦስተኛው ላይ ደርሰህ የመጀመሪያውን በፕላስቲክ አሽገህበታል። ባለቤትህ የጠየቀችህ የመጀመሪያውን ነው፤ ለዚህ ነው መልስ ያጣኸው።

ስለ እናትህ አንድ ነገር ልበልህ፤ ሳትጠይቀኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ደብዳቤህ ላይ «ክፋት አስባ አይደለም» ብለሃል፤ ግን ጻፍከው። 20 ዓመት አልፎም ያሳስብሃል ማለት ነው። ታሪኩን ብታውቅ ይቀልሃል። ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት የ1938ቱ አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር። ወደ 200,000 ያህል ኮፒ ታትሞ ዛሬ የቀረው 100 አካባቢ እንደሆነ ይገመታል። ሌላው የት ገባ? እናቶች ጣሉት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦርነቱ የሚሆን ወረቀት ሲሰበሰብ ልጆች ራሳቸው እየተሸከሙ ሰጡት። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ ደግሞ ኮሚክ ልጅ ያባልጋል ተብሎ አሜሪካ ውስጥ በአደባባይ የተቃጠለበት ጊዜ አለ። በ1954 አሳታሚዎቹ ራሳቸውን የሚቆጣጠሩበት ደንብ እስከማውጣት ደረሱ። ከዚህ ሁሉ የተረፈ አንድ ኮፒ በ2024 በጨረታ 6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። እናቶች ሁሉ ቢያስቀምጡት ኖሮ ዛሬም የአሮጌ ወረቀት ዋጋ ነበረው። እናትህ ያደረገችው በየሀገሩ ያሉ እናቶች ያደረጉትን ነው። በሕይወት ካለች ደውልላትና ስለ አጎትህ እሽግ አውራት። ገመዱን ማን እንደፈታው ሳታስታውስ አትቀርም።

ይህን የ6 ሚሊዮን ነገር ያነሳሁት ግን ባልደረባህን ለመደገፍ አይደለም። እንዲያውም በእሱ ላይ ጠንከር ያለ ነገር አለኝ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ሰው እንደ እሱ አሰበ። የ1938ቱ ይህን ያህል ካወጣ የዛሬውም ነገ ያወጣል አሉ። በ1991 የልዩ ኃይል ጀግኖች ቡድን ታሪክ የሆነው አንድ አዲስ የኤክስ-ሜን ቁጥር 1 ከ8 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሸጠ። አምስት ዓይነት ሽፋን ስለነበረው አንድ ሰው አምስቱንም ይገዛ ነበር። በ1992 ሱፐርማን የሞተበት እትም በጥቁር ፕላስቲክ ታሽጎ ወጣ። ሰው ሁለት ሁለት እየገዛ አንዱን አነበበ፣ አንዱን እንደታሸገ ለልጆቼ የትምህርት ወጪ ይሆናል ብሎ አስቀመጠ። ነገሩ ግን ግልጽ ነበር። ሁሉም ሰው ያስቀመጠው ነገር ብርቅ አይሆንም። ገበያው ወደቀ። ብዙ የኮሚክ ሱቆች ተዘጉ። የኤክስ-ሜን አሳታሚ ማርቭል ራሱ በ1996 መጨረሻ የኪሳራ ጥበቃ እስከመጠየቅ ደረሰ። ያ 8 ሚሊዮን የተሸጠው ኮሚክ ዛሬም በየቦታው በትንሽ ገንዘብ ይገኛል። የሚያሳዝነኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ያ ሁሉ ያልተነበበ ታሪክ ነው። ሰው ስሎት፣ ሰው ጽፎት፣ ቀለም ቀብቶት፣ አንድም ዓይን ሳያየው በየካርቶኑ ተኝቷል።

ስለ ሠሪዎቹ ካነሳሁ አይቀር፣ ሱፐርማንን የፈጠሩት ሁለት ወጣቶች ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር መብቱን የሸጡት በ130 ዶላር ነው። ጨረታ ላይ ሚሊዮን ሲጠራ በሰማሁ ቁጥር እነሱ ትዝ ይሉኛል። ሁለቱም ታሪኩን ይወዱት ስለነበር ነው የሠሩት።

አሁን ወደ ታሸገው እንምጣ።

ይህ የማሸግ ነገር ድሮ አልነበረም። ኮሚክን መርምሮ ደረጃ እየሰጠ የሚያሽግ ድርጅት የጀመረው በ2000 አካባቢ ነው። ከ0.5 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣሉ። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ሻጭና ገዢ ሳይተያዩ እንዲተማመኑ አድርጓል። ማሸጊያው ከተከፈተ ግን ነጥቡ ያበቃል። እንደገና ደረጃ ይሰጠኝ ካልክ እንደገና ከፍለህ ትልካለህ፤ 9.2 ሆኖ ለመመለሱ ዋስትና የለህም። ስለዚህ የመክፈት ፍርሃትህ መሠረት የሌለው አይደለም።

ግን እውነቱን ልንገርህና፣ ያስፈራህ ነጥቡ ብቻ አይመስለኝም። ነጥቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላ፣ ያረጀ፣ ርካሽ ኮፒ ፈልገህ በአንድ ሳምንት ታነበው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን አላደረግክም። የፈራኸው መጨረሻውን ነው። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነህ ስንትና ስንት ጊዜ የሠራኸው መጨረሻ ከእውነተኛው ቢበልጥስ? ጀግናው በቀላሉ ቢድንስ? ገመድ ተወርውሮለት በሦስት ሥዕል ቢያልቅስ?

ይህን የምልህ ስለደረሰብኝ ነው። በልጅነቴ ከጎረቤት ተውሼ ሳልጨርሰው የመለስኩት አንድ ታሪክ ነበረ። የባሕር ታሪክ ነው፤ መርከቡ ሲሰምጥ ላይ ስደርስ ጎረቤቴ መልሶ ወሰደብኝ። ካደግኩ በኋላ አገኘሁትና እዚያው ቆሜ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። በአራት ሥዕል አለቀ። ሰዎቹ ጠዋት ላይ ዳርቻ ደርሰው ነቁ። በቃ። እጄ ላይ ይዤው ቆየሁ። መጀመሪያ ክፍት አለኝ። ቀጥሎ ግን የመጨረሻዋን ሥዕል አየኋት። ሠዓሊው አሸዋው ላይ የአንዱን ልጅ ጫማ ስሏል። አንድ እግር ብቻ። ማሰሪያው አልተፈታም። በጽሑፉ ውስጥ ስለዚህ ጫማ አንድም ቃል የለም። ያቺን ጫማ እኔ ልፈጥራት አልችልም ነበር። የእኔ መጨረሻ አልጠፋብኝም፤ የሠዓሊውም ተጨመረልኝ። አሁን ሁለት አለኝ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ያንን ታሪክ አንብበው። ግን የታሸገውን መስበር የለብህም። ይኸው እትም በዝቅተኛ ደረጃ፣ ሽፋኑ የታጠፈ፣ ጥጉ የተበላ ኮፒ ፈልግ። ሰብሳቢዎች «የንባብ ኮፒ» የሚሉት ዓይነት። ዋጋው የታሸገውን ሲሶም ላያህል ይችላል። ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር ብቻ አረጋግጥ፦ ሻጩ ገጾቹን በሙሉ ቆጥሮ፣ የመጨረሻዋን ገጽ ፎቶ አንስቶ መኖሯን ያረጋግጥልህ። ፎቶውን ግን አንተም ባለቤትህም አትዩት፤ ሌላ የምታምኑት ሰው ይየውላችሁ።

ከዚያ ልጅህን ጥራት። የአጎትህን እሽግ ንገራት። የገደሉን ሥዕል አሳያትና መጨረሻውን እሷ ትጨርሰው፤ በወረቀት ላይ ትሳለው። አንተም ከስምንት ዓመትህ ጀምሮ በሐሳብህ የሠራሃቸውን መጨረሻዎች ንገራት፣ የዳነበትንም የወደቀበትንም። ከዚያ አብራችሁ ገጹን ግለጡ። ገጹን የምትገልጠው እሷ ብትሆን ደስ ይለኛል።

የታሸገውን 9.2 ምን ላድርገው ላልከው፣ እኔ ብሆን እሸጠዋለሁ። ምክንያቴን ልንገርህ። አንተ ስትፈልግ የኖርከው የመጨረሻዋን ገጽ ነው። 9.2 ነጥብ የሚፈልግ ሌላ ሰው አለ፤ ለእሱ ትልቅ ነገር ነው። ገጿን ካገኘህ በኋላ ነጥቡ አንተ ዘንድ ሥራ የለውም። በሚገኘው ገንዘብ ለሕፃኑ ክፍል የሚሆነውን ግዛ፤ ለኮሚኮችህም ጥሩ መደርደሪያ አሠራ። ምናልባት ካነበብከው በኋላ አልሸጠውም ብለህ ልብህ እምቢ ይልህ ይሆናል። እሺ፣ ያኔ አቆየው። ውሳኔው ግን ካነበብክ በኋላ ይሁን።

ስለ ቀሪዎቹ 3,000 ደግሞ። መደበኛው የኮሚክ ካርቶን ከ150 እስከ 200 ያህል ይይዛል። አንተ ጋ ወደ 18 ካርቶን አለ ማለት ነው። በአንድ ቅዳሜ ሊጨረስ የሚችል ሥራ አይደለምና አትቸኩል። ማታ ማታ አንድ ካርቶን ብቻ አውጣ። እያንዳንዱን አንሳ፤ ሳትገልጠው ታሪኩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ለራስህ ንገረው። ትዝ ካለህና ልብህ ሞቅ ካለው ይቆያል። ትዝ ካላለህ እዚያው ቁጭ ብለህ አንብበው። ካነበብከው በኋላም ምንም ካልተሰማህ፣ ቁጥር ለማሟላት ብቻ የገዛኸው ነው። ይሂድ። ተከታታይ የሆኑትን አትበታትናቸው፤ ከቁጥር 1 እስከ 40 አንድ ላይ የተሸጠ ታሪክ ገዢውም ያነበዋል። የማይሸጡትን የልጆች ንባብ ክፍል ላለው ቤተ መጻሕፍት ስጥ። አንድ ቦታ ላይ የሆነ ልጅ መጀመሪያ የሚያነበው ኮሚክ ከአንተ ካርቶን ሊወጣ ይችላል። አጎትህ ያደረገውን ነው የምታደርገው።

ምን ያህል ይቆይ የሚለውን ከባለቤትህ ጋር ተነጋገሩበት። በኮሚክ ቁጥር ሳይሆን በቦታ ብትስማሙ ይሻላል። «ይህ ግድግዳ የእኔ ነው» በል። ከዚያ አዲስ አንድ ሲገባ አሮጌ አንድ ይወጣል። ገደብ ያለው ስብስብ እየጠራ ይሄዳል። «አንተው ወስን» ማለቷ ትልቅ ነገር ነው፤ ብቻህን በመወሰን ግን አትመልስላት።

የሚቆዩትን ደግሞ በወጉ አስቀምጣቸው። የኮሚክ ወረቀት በአብዛኛው ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ነበር። ከእንጨት የቀረ ነገር ውስጡ ስላለ ብርሃንና አየር ሲያገኘው አሲድ እየሆነ ራሱን ይበላል፤ ቢጫ ሆኖ እንደ ደረቅ ቅጠል የሚሰባበረው ለዚህ ነው። ማቆም አይቻልም፤ ማዘግየት ግን ይቻላል። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ የኖረ ኤድጋር ቸርች የሚባል ሠዓሊ ለብዙ ዓመታት የገዛቸው ኮሚኮች በ1977 ለገበያ ሲወጡ ከ18,000 በላይ ነበሩ። 30 እና 40 ዓመት የሞላቸው እትሞች ትናንት የታተሙ ይመስሉ ነበር። ምሥጢሩ ልዩ ዕቃ አይደለም። ደረቅ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ጠበቅ ተደርገው ተደራርበው ነበር። አንተም ይህንኑ አድርግ። ምድር ቤት አይሆንም፣ ይሻግታል። ጣሪያ ሥርም አይሆንም፣ ይሞቃል። ከ20 ዲግሪ ብዙ ያልራቀ ሙቀትና ከ40 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ይበቃል። ካርቶኑ ወለል ላይ አይቀመጥ፤ ቧንቧ የፈነዳ ቀን ታመሰግነኛለህ። ጀርባቸው ላይ አሲድ የሌለው ወረቀት አድርገህ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ማይላር ከሚባል ፕላስቲክ በተሠራ ከረጢት አቁማቸው። ሽታ ያለው ለስላሳ ፕላስቲክ ግን ይጎዳቸዋል። ላስቲክ አትሰር። ጓንት አያስፈልግህም፤ ታጥቦ በደንብ የደረቀ እጅ ይሻላል። ከሁሉም በላይ የተቀደደውን በስኮች አትለጥፍ።

ስኮችን የከለከልኩህ በእጄ ስላየሁት ነው። ከልጅነቴ የተረፈችኝ አንዲት ኮሚክ አለች። ጀርባዋ ተገንጥሎ ስለነበር በስኮች ለጥፌያታለሁ። ያን ጊዜ ስኮቹ እንደ ብርጭቆ የጠራ ነበር። ዛሬ ቡናማ ሆኗል። ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ በሌላው ገጽ ላይ መስመር አውጥቷል። ሽቦዋ ዝጎ ዙሪያውን ቀይ አድርጎታል። ሽፋኗ ላይ በእስክርቢቶ ስሜን ጽፌበታለሁ፤ የመጨረሻው ፊደል ቦታ ስላጣ ወደ ታች ወርዷል። ደረጃ ልስጥ ብባል 1.0 አይሞላም። አምስት ጊዜ ቤት ቀይሬ ከሁሉም ቀድማ የምትገባው እሷ ናት።

ለዚህ ነው ስለ ልጅህ አንድ ነገር የምለምንህ። የራሷ ሣጥን ስጣት። ከአንተ የምትወርሰው ሳይሆን አሁን የምትይዘው። ካርቶኖችህን ስትለይ ከሚሄዱት ውስጥ 20 ያህል ራሷ ትምረጥ። ታጥፋቸው። ምግብ እየበላች ታንብባቸው። ስሟን ትጻፍባቸው። ገጽ ብትቀድ አትቆጣት፤ የተቀደደ ገጽ ምን እንደሚሠራ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ኮሚክ ላትወድም ትችላለች። ድንጋይ ትሰበስብ ይሆናል፣ ቁልፍ ትሰበስብ ይሆናል። ያኔም ጠይቃት፣ «ይህኛውን የት አገኘሽው?» በላት። ሰብሳቢ ሰው ከምንም በላይ የሚናፍቀው ይህን ጥያቄ ነው።

በሽታ ነው ወይ ላልከው ባጭሩ ልመልስልህ። ለኮሚክ ብለህ የደበቅከው ዕዳ አለ? ዋጋውን ለባለቤትህ ዋሽተህ ታውቃለህ? እሽጉ ሲደርስ ደስታ ሳይሆን ድካም ይሰማሃል? መልሱ አዎ ከሆነ መግዛቱን ለጊዜው አቁምና ዛሬውኑ ለእሷ ንገራት፤ ካልቻልክም የሥነ ልቦና ባለሙያ አማክር። በደብዳቤህ ውስጥ ግን ይህን አላየሁም። ያየሁት አንድ ነገር የወደደና የወደደውን እንዳይጎዳ ፈርቶ እጁን የሰበሰበ ሰው ነው።

እንግዲህ የንባብ ኮፒውን መፈለግ ጀምር። ሲገኝ፣ ሦስታችሁ ተቀምጣችሁ ስታነቡት፣ ጀግናው ምን እንደሆነ ለእኔ እንዳትጽፍልኝ። ቀድማ የጠየቀችህ ባለቤትህ ናት፤ ለእሷ ንገራት።